ቀይ ክር፣ አረንጓዴ ክር

ወንጀሉን ያገኘው ሰው ወንጀል ፍለጋ የወጣ አልነበረም፤ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። አንድ ደንበኛ «አልነሳም ብሎኛል» ብሎ ያስቀመጠለትን ኮምፒውተር ፈታ፣ የተቃጠለውን ዕቃ ቀየረ፣ መነሳቱን ለማረጋገጥ አንዱን ማህደር ከፈተና ያየውን አየ። የሱቁን በር ከውስጥ ቆለፈ። ከዚያ ኮምፒውተሩን በገዛ ጃኬቱ ጠቅልሎ፣ ሁለት ፌርማታ በእግሩ ሄዶ ፖሊስ ጣቢያ ደረሰ። ተረኛው ፖሊስ «ምን ጠፋብህ?» ሲለው ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እኔም ልጆች አሉኝ» ብቻ አለ።

የኮምፒውተሩ ባለቤት የዚያኑ ዕለት ተያዘ። ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ አርባ ዓመት ያለፈው፣ ጫማው የተወለወለ፣ ሰላምታው ረጅም ሰው። አልካደም። ጠበቃ እንኳ ሳይጠይቅ «ጥፋተኛ ነኝ» አለ። ፎቶዎቹን ከኢንተርኔት ነው ያወረድኳቸው፤ ልጆቹ የት አገር እንዳሉ፣ የማን እንደሆኑ አላውቅም፤ በማንም ላይ እጄን አላነሳሁም፤ አየሁ፣ ማየቴም ኀጢአት ነው ብሎ አለቀሰ። መርማሪዎቹ ፋይሉን በሦስት ቀን ዘጉት። እንዲህ እጁን ዘርግቶ የሚመጣላቸው ተከሳሽ በዓመት አንዴ ቢገኝ ነው።

መርማሪው ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወር ፋይሉ ለኢንስፔክተሯ ደረሳት። በጣቢያው ከጀርባዋ «ምስማር» ይሏታል፤ አንዴ ከገባች ካልነቀሏት አትወጣም ለማለት ነው። ስሙን ታውቀዋለች፣ አልከፋትም። ሃምሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ ሲጋራ ካቆመች ወዲህ ከረሜላ ከአፏ አይጠፋም። ፋይሉን ስትከፍት የቅጣት ውሳኔው ሊሰጥ የቀረው ዘጠኝ ቀን ነበር።

*

«ስሚኝ፣ ላስረዳሽ» አላት ዐቃቤ ሕጉ። ጠረጴዛው ላይ ፋይል ከመቆለሉ የተነሳ ከአገጩ በታች አይታይም። «ክሱ ልጆች የተጠቁባቸውን ፎቶዎች ይዞ መገኘት ነው። መነሻው አራት ዓመት። ወዲያው አምኗል፤ ይቀነስለታል። የመጀመሪያ ጥፋቱ ነው፤ ይቀነስለታል። ሠራተኛ፣ ባለትዳር፣ ከጎረቤት ከአሠሪ የመጣ አሥራ አንድ የመልካም ጠባይ ደብዳቤ አለው። ይኸም ይቀነስለታል።»

«ስንት ቀረው?»

«ሁለት ዓመት ካገኘን ጥሩ ነው። በገደብ ሊወጣም ይችላል፤ ያኔ ከውሳኔው ማግስት ቤቱ ይገባል።»

ኢንስፔክተሯ ከረሜላዋን ከአንዱ ጉንጯ ወደ ሌላው አዞረች። «ልጆቹስ? እነሱ በየትኛው መስመር ነው የሚቆጠሩት?»

«በፎቶው ብዛትና በክብደቱ። ስም የላቸው፣ አድራሻ የላቸው። ዳኛ የሚመዝነው የቀረበለትን ነው፤ ያልቀረበለትን ከየት ያመጣዋል?»

«ዘጠኙን ፎቶዎችስ አይተሃቸዋል?»

ዐቃቤ ሕጉ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። የኮምፒውተር መርማሪው በተከሳሹ ማህደር ያሉትን ፎቶዎች የብዙ አገር ፖሊሶች አብረው ከሚይዙት መዝገብ ጋር አስተያይቷል። ሁሉም እዚያ አሉ፤ ዓመታት ያለፋቸው፣ ከእጅ እጅ የዞሩ ናቸው። ዘጠኙ ግን የሉም። ዘጠኙም የአንዲት ልጅ ናቸው፤ ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው።

«አይቻቸዋለሁ» አለ ዐቃቤ ሕጉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቀናቸውንም አይቻለሁ። የተነሱት የዛሬ አራት ዓመት ነው። ያኔ ሰውየው ለአዲስ ሊፍት ሥልጠና ሦስት ወር ሌላ ከተማ ነበር። የምስክር ወረቀቱ አለ፣ ያረፈበት ቤት መዝገብ አለ። ሌላ ሰው አንስቶ ልኮለት ይሆናል።»

«ራሱ አንስቷቸው ቢሆንስ?»

«እሱማ ከአሥራ አምስት ዓመት ይጀምራል። አሁን ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው። ከዘጠኝ ቀን በፊት ልጅቱን ካገኘሽልኝ ክሱን አሻሽላለሁ። ቀኑን ግን አላስለውጥም። ከወጣ በኋላ ብትመጪ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ተነሳች። በአእምሮዋ የነበረው የሁለትና የአሥራ አምስት ዓመት ልዩነት አልነበረም። ሰውየው ቤቱ ሲገባ በሩን የምትከፍትለት ልጅ ትኖር ይሆን የሚለው ነበር።

*

የኮምፒውተር መርማሪው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ዓይነት ሰው ነው። ፎቶዎቹን ለኢንስፔክተሯ አላሳያትም፤ እሷም አልጠየቀችውም። ልጅቱን ከሁሉም ቆርጦ አውጥቶ፣ የተረፈውን ብቻ በወረቀት አተመላት።

የተረፈው ጥቂት ነው። ነጭ ግድግዳ። በየቤቱ ያለ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር። በወንበሩ መደገፊያ ላይ የተጣለ ሰማያዊ የትምህርት ቤት ቀሚስ፤ ጠርዙ ዙሪያውን በቢጫ ጨርቅ የተቀመቀመ። ከታች በኩል ተገልብጦ የውስጡ ዝምዝማት ይታያል። በእጅ የተሰፋ ነው። አንዱ መስመር በቀይ ክር፣ ከሱ በታች ያለው በአረንጓዴ።

«ቀኑ ሊቀየር ይችላል?» አለችው።

«ካሜራው ላይ ቀድመሽ ከቀየርሽው አዎ። ፎቶው የተነገረውን ቀን ይዞ ይወለዳል። ካሜራው ቢገኝ አረጋግጥልሽ ነበር፤ ግን በብርበራው አልተገኘም።»

«ስለዚህ ከማሽን ሌላ ምስክር ልፈልግ ነው።»

«ከቀሚሱ ውጪ ምንም የለሽም» አላት፤ እጁን ግንባሩ ላይ ሰደደና መነጽሩን አገኘው።

*

ማረሚያ ቤት ስትሄድ ተከሳሹ ብድግ ብሎ ተቀበላት። «በማስቸገሬ አዝናለሁ» አለ። እጆቹን አጣጥፎ ተቀመጠ።

«ዘጠኝ ፎቶዎች አሉ» አለችው። «ሌላ ቦታ የማይገኙ። ከማን መጡ?»

«ስሙን ከማላውቀው ሰው። የምንጻጻፍበት ገጽ ነበር፤ ተዘግቷል።»

«ልጅቱን ታውቃታለህ?»

«በፍጹም። ቀኑንም ብትመለከቱት እኮ፣ እኔ ያኔ እዚህ አልነበርኩም። ሥልጠና ላይ ነበርኩ። ወረቀቱን ሰጥቻለሁ።»

ኢንስፔክተሯ መልሱን ጻፈችው። ስለ ቀኑ አልጠየቀችውም ነበር። በሠላሳ ዓመት ሥራዋ የተማረችው አንድ ነገር ቢኖር፣ ያልተጠየቀውን የሚመልስ ሰው መልሱን ከቤቱ ይዞ እንደሚመጣ ነው። ግን ይህ ለዳኛ የሚቀርብ አይደለም፤ የሷ የአንጀቷ ነገር ነው።

*

በሁለተኛው ቀን ሚስቱ መጣች። መድኃኒት ቤት ሻጭ ናት፤ ነጭ ጋዋኗን እንኳ አላወለቀችም። አሥራ ሁለተኛ ደብዳቤ ይዛ ነው፤ የራሷን።

«እትዬ፣ እባክዎ ይህን ፋይሉ ውስጥ ያስገቡልኝ» አለች።

ኢንስፔክተሯ አነበበችው። አሥራ አራት ዓመት አብረን ስንኖር ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም፤ ልጅ አልሰጠንም፣ እሱ ግን አላማረረም፤ አጥፍቷል፣ ግን ሰው አልነካም፤ ፍርድ ቤቱ ይማረው፤ ይላል።

«አልፈረምሽበትም፣ ልጄ።»

ሴትየዋ እስክሪብቶ ተቀብላ ፈረመች። የእጇ ዳር ባልደረቀው ቀለም ላይ አልፎ ፊርማውን አበላሸው። «ይቅርታ» አለች ደንግጣ። «ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ። በልጅነቴ መምህሮቼ እጄን ለማስለወጥ ያልመቱኝ ቦታ የለም።»

«ግድ የለም፣ ይነበባል። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሰው አልነካም ብለሻል። እነዚያ ፎቶዎች ውስጥ ያሉት ልጆችስ?»

የሴትየዋ ዓይን እንባ ሞላው። «እሱ አይደለም ያነሳቸው። እሱ ባያይስ ይቀርላቸው ነበር? እኔ ባሌን ነው የማውቀው፣ እትዬ። ሌላ የለኝም።» ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየችና ተነሳች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት የማወጣበት ሰዓት ደርሷል።»

ኢንስፔክተሯ በር ድረስ ሸኘቻት። አዘነችላት። የማን ልጅ ብላ አልጠየቀችም፤ ይህን በኋላ ብዙ ጊዜ ታስታውሰዋለች።

*

ሦስተኛው ቀን በተከሳሹ የሥራ ባልደረባ ላይ አለቀ። የሕንፃ ጥበቃው እንደሚለው፣ ተከሳሹ በተያዘ ማግስት ይህ ሰው ከዕቃ ክፍላቸው አንድ ካርቶን ተሸክሞ ሲወጣ ታይቷል። ወፍራም ነው፤ ወንበሩ ላይ ሳይደላደል ላብ አጠመቀው።

«ካርቶኑ ውስጥ ምን ነበር?»

«ወረቀት ነው፣ ኢንስፔክተር።»

«ካሜራስ?»

«የምን ካሜራ? ወረቀት ብቻ ነው! ልጆቼን ይንሳኝ!»

«ልጆችህን ተዋቸው። የምን ወረቀት ነው ሌሊት የሚያባንንህ?»

ሰውየው ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። «የሊፍት መፈተሻ ቅጽ ነው። በየወሩ እያንዳንዱን ሊፍት ፈትሸን፣ ቀንና ሰዓት ጽፈን፣ ፈርመን በሞተር ክፍሉ እንሰቅላለን።»

«ታዲያ ምን ያስደብቀዋል?»

«አንፈትሽም» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ኢንስፔክተሯ ወደ ጣቢያው የወጣችበት ሊፍት ትዝ አላት። ከዚያን ቀን ወዲህ ደረጃውን ነው የምትወጣው።

«የስድስት ወሩን በአንድ ቀን ተቀምጠን እንሞላዋለን» ቀጠለ ሰውየው። «ያስተማረኝ እሱ ነው። ጎበዝ ነው በዚህ። አንዱን ወር በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ አንዱን በጥቁር። አንዳንዱን ወረቀት በቅባት እጁ ነካ ያደርገዋል። አምስት ሰዓት አይልም፤ አምስት ከአሥራ ሰባት ይላል። ‹ሰው ቀን ያለበትን ነገር ያምናል› ይለኝ ነበር። እሱ ሲያዝ፣ ቢሮውን ሲፈትሹ ያገኙብኛል ብዬ ነው ያቃጠልኩት። ይኸው ነው፤ ሌላ የለኝም።»

ሌላም አልነበረውም። ፎቶዎቹ ያሉበትን ኮምፒውተር ነክቶት አያውቅም፤ ቤቱም ተፈትሾ ምንም አልተገኘበትም። ፎቶዎቹን ባልደረባው አንስቶ ልኮለት ይሆናል ብላ የያዘችው መንገድ እዚያው ተቋረጠ። ኢንስፔክተሯ የሊፍቱን ነገር ለሚመለከተው ክፍል ጽፋ ሰውየውን አሰናበተችው። አምስት ከአሥራ ሰባት የሚለው ግን አብሯት ቤቷ ገባ።

*

ሁለት ቀን ሙሉ በየትምህርት ቤቱ በር፣ በመግቢያና በመውጫ ሰዓት ቆመች። የልጆች ቀሚስ ስታይ የዋለች ሴት በሰው ዓይን ምን እንደምትመስል ታውቃለች፤ አንድ ዘበኛ መታወቂያ ጠይቋታል፣ እሷም በልቧ መረቀችው። ሰማያዊ ቀሚስ ሞልቷል፤ ጠርዙ ነጭ ነው፣ ቀይ ነው፣ ወይም የለውም። ባለ ቢጫ ጠርዙን ያገኘችው በሁለተኛው ቀን መጨረሻ፣ ከተከሳሹ ሰፈር ብዙ በማይርቅ ትምህርት ቤት ነው።

ርእሰ መምህርቷ የተቆረጠውን ፎቶ ወደ መስኮቱ ወስዳ አየችው። «የኛ ነው። ያለ ጥርጥር።»

«ይህ ቢጫ ጠርዝ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። በፊት ነጭ ነበር። ወላጆች ‹እኛ አጣቢ ሆነን ቀረን› ብለው ሲያማርሩ በቢጫ ለወጥነው።»

«የዛሬ አራት ዓመት እንዲህ ያለ ቀሚስ ሊኖር ይችላል?»

«እንዴት ብሎ? ጨርቁን እኔ ነኝ የመረጥኩት።»

ኢንስፔክተሯ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ፎቶው የተነሳበት የተባለው ቀን ሲደርስ ቀሚሱ አልተወለደም ነበር። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ ሰውየው ሥልጠና ላይ የነበረበትን ቀን መርጦ ካሜራው ላይ ሞልቶታል።

ያንኑ ዕለት ለዐቃቤ ሕጉ ደወለች። የቀሚሱን ነገር ነገረችው። «ቀኑ ውሸት ነው፣ ገባኝ» አለ። «ውሸቱ የሱ ነው ለማለት ግን ልጅቱ ታስፈልገኛለች። የላከለት ሰው ነው የለወጠው ቢልስ?»

«የላከለት ሰው እሱ ሥልጠና ላይ የዋለበትን ቀን ከየት ያውቃል?»

«እኔ አምኜሻለሁ። ጥያቄው ዳኛዋ ናት። ልጅቱን አምጪ፤ አራት ቀን አለሽ።»

በትምህርት ቤቱ ከአንድ ሺህ በላይ ልጆች አሉ። የልጅቱን ፊት ይዛ በየክፍሉ ብትዞር በአንድ ቀን ታገኛት ነበር፤ በዚያው ቀንም የልጅቱ ነገር በትምህርት ቤቱ ሁሉ ይሰማ ነበር። ኢንስፔክተሯ ይህን አላደርግም አለች።

*

የትምህርት ቤቱን ዩኒፎርም የሚሰፉት ሽማግሌ ሱቅ ከበሩ ማዶ ነው። የስፌት መኪናቸውን ጸጥ አሰኝተው፣ ፎቶውን ከመብራቱ ሥር አስጠጉ።

«ቀሚሱ የኔ ነው፣ ልጄ። ዝምዝማቱ ግን የኔ አይደለም። የማንም ልብስ ሰፊ አይደለም፤ ቤት የተሰፋ ነው።»

«በምን ያስታውቃል፣ አባባ?»

«ልብስ ሰፊ የቀሚሱን ቀለም ክር ካላገኘ አይሰፋም፤ ነውር ነው። ይቺ ግን አውቃ ነው ቀለሙን የለወጠችው። እኔ ለልጅ ስሰፋ ከታች እጥፋት እተዋለሁ፤ ልጅ ያድጋል፣ ጨርቅ አያድግም። አምና ሲያጥራት ፈትታ ዝቅ አደረገችውና በቀይ ሰፋችው። ዘንድሮ ደግሞ ዝቅ አደረገችው፤ በአረንጓዴ። ቀዩን መስመር ግን በነበረበት መልሳ ሰፍታዋለች፣ አየሽ? ልጅቱ በዓመት ስንት ጣት እንዳደገች ልታይበት ነው።» ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «እናት ትሁን አክስት አላውቅም። ግን የምትወዳት ሰው ናት።»

ኢንስፔክተሯ ማመስገን ጀምራ ነበር።

«ደግሞ ግራኝ ናት» አሉ ሽማግሌው።

«ምን አሉኝ?»

መርፌ አንስተው በቁራጭ ጨርቅ ላይ አምስት ስፌት ወጋ ወጋ አደረጉ። «የኔን እይ፤ ወደዚህ ዘመም ይላል። በቀኝ እጅ የሰፋ ሁሉ እንዲህ ነው። የሷን እይ፤ በተቃራኒው ነው የሚዘመው። ወጣት ሳለሁ አብራኝ የምትሠራ ግራኝ ነበረች፤ ሥራችንን የምንለየው በዚህ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ከረሜላውን ሳታውቀው ነክሳ ሰበረችው። የተበላሸ ፊርማ፣ ቀለም የነካው የእጅ ዳር። ልጅ ከትምህርት ቤት የማወጣበት ሰዓት።

«አንቺ ልጅ፣ አመመሽ እንዴ?» አሉ ሽማግሌው።

ቢሮዋ ተመልሳ የመጀመሪያውን የምርመራ ቃል ገለጠች። መርማሪው ሚስቲቱን ጠይቋታል፤ በሥርዓቱ ተጽፏል። ጥያቄ፦ ልጆች አሏችሁ? መልስ፦ የሉንም። ጥያቄ፦ አብሯችሁ የሚኖር ሌላ ሰው አለ? መልስ፦ የለም። በቅጹ ላይ ያለው ጥያቄ ይኸው ነው። እቤታችሁ የሚመጣ ልጅ አለ ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። ሴትየዋ አልዋሸችም።

*

በማግስቱ ከሰዓት በፊት ሄደች። ሚስቲቱ በር ስትከፍት ፊቷ በራ። «ስለ ደብዳቤው ነው? ተቀበሉት?»

«ግቢና ተቀመጪ፣ ልጄ።»

ሳሎኑ ንጹሕ ነው። ጥግ ላይ ነጭ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደራርበዋል። ኢንስፔክተሯ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከፈተችው። ይህን ሥራ ከጀመረች ጀምሮ እንደዚያ ቀን ሥራዋን የጠላችበት ቀን የለም።

«አንድ ነገር አሳይሻለሁ። ጨርቅ ብቻ ነው፤ ሌላ ነገር የለበትም። የምታውቂው ከሆነ ንገሪኝ።»

ወረቀቱን ሰጠቻት። ሴትየዋ ቀለል ባለ ፊት ተቀበለችው።

«ይሄማ የኔ እጅ ነው» አለች ወዲያው፤ ሳቅ ልትልም ነበር። «የእህቴ ልጅ ዩኒፎርም ነው። ቀዩ የአምና፣ አረንጓዴው የዘንድሮ፤ ትምህርት ሲከፈት ነው የሰፋሁላት። እስከ ዘጠኝ ዓመቷ ስንት ቀለም እንደሚደርስ እንቁጠር ብላኝ...» ቆመች። «ከየት አገኙት?»

 

ሴትየዋ ወረቀቱን እያየች ነው። ወንበሩን አየች፤ ከዚያ ጥግ ላይ የተደራረቡትን አየች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፍታ፣ እጇን ከላዩ ጫነችበት።

«እህቴ ነርስ ናት» አለች። «ፈረቃዋ ይለዋወጣል። ልጅቷን ሁልጊዜ የማወጣት እኔ ነኝ። ረቡዕ ረቡዕ ግን እኔም ከሰዓት ተረኛ ነኝ። እሱ ነበር... እኔ ነኝ የለመንኩት። ‹ደክሞኛል› ሲል ‹ባክህ፣ ለኔ ስትል› ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ።»

«አላወቅሽም።»

«ረቡዕ አልሄድም ትል ነበር። ሆዴን ያመኛል ትል ነበር። ትምህርት ጠልታ ነው ብዬ ተቆጣኋት።» ከአንጀቷ አለቀሰች። ኢንስፔክተሯ አጠገቧ ተቀመጠች እንጂ አይዞሽ አላለቻትም። አይዞሽ የሚባልበት ነገር አልነበረም።

ሲበርድላት ፊቷን በመዳፏ ጠረገች። «ደብዳቤዬን መልሱልኝ።»

«ፋይል የገባ ወረቀት አይወጣም፣ ልጄ። ከፈለግሽ ሌላ መጻፍ ትችያለሽ።»

እዚያው ጻፈችው፤ ረጅም አልነበረም። «ጥሩ ባል ነው ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልጅቷን በየረቡዑ በእጄ ያስረከብኩትም እኔ ነኝ። ፍርድ ቤቱ ሁለቱንም አብሮ ያንብብልኝ።» ስትፈርም እጇ ቀለሙን አበላሸው፤ በዚህኛው ይቅርታ አልጠየቀችም።

*

የቀረው ሁሉ በፍጥነት ሆነ። ልጅቷን ያነጋገረቻት ለዚሁ የሠለጠነች ባለሙያ ናት፤ እናቷ ከጎኗ ነበረች፣ ኢንስፔክተሯ እዚያ ክፍል አልገባችም። ካሜራው ተገኘ። ባልደረባው ቁልፉን የሚይዘው ተከሳሹ ብቻ የሆነበትን አንድ የሞተር ክፍል ጠቁሞ፣ ከሕንፃ ጣሪያ ሥር፣ ከተሰቀለው መፈተሻ ቅጽ ጀርባ አወጡት። ቀኑ አራት ዓመት ወደ ኋላ እንደተመለሰ ነበር፤ ሰዓቱም በደንብ ተመርጧል። የኮምፒውተር መርማሪው አረጋገጠው።

ዐቃቤ ሕጉ ክሱን አሻሻለ። ዘመድና ባለ አደራ መሆኑ ማክበጃ ሆነ። ቀኑን መለወጡ ማክበጃ ሆነ። ወዲያው አምኗል የሚለው ማቅለያም ወደቀ፤ ትንሹን ያመነው ትልቁን ለመሸፈን ነውና። ከደብዳቤ ጸሐፊዎቹ ሰባቱ መጥተው ‹ስማችን ይነሳልን› አሉ፤ እንደማይነሳ ተነገራቸው።

ኢንስፔክተሯ ውሳኔውን ለመስማት አልሄደችም። ዐቃቤ ሕጉ በስልክ ነገራት። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት።» ቀጥሎ «ዳኛዋ ውሳኔውን ስታነብ ልጅቷን ከሁሉም አስቀድማ ነው ያነሳቻት። ስሟ ባይጠቀስም ተቆጥራለች» አላት። ሊያስደስታት ፈልጎ ነው። እሷ ግን የሌሎቹን ልጆች፣ በመዝገቡ ውስጥ ያሉትን፣ አድራሻ የሌላቸውን ነበር የምታስበው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለስንቱ እንደማይነጋ ግን የሚናገር የለም።

*

ከስድስት ሳምንት በኋላ ሚስቲቱ ጣቢያ መጣች። ከስታለች። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች።

«ቀሚሱ ማስረጃ ሆኖ ቀርቷል አሉኝ» አለች። «አይመለስም።»

«አይመለስም።»

«አዲስ ነው ይሄ። ጨርቁን ልብስ ሰፊው አባባ ቆረጡልኝ፣ የቀረውን እኔ ሰፋሁት። እህቴ በር አትከፍትልኝም። አልፈርድባትም። ለርስዎ ግን ትከፍታለች።»

እንዲህ ያለ መልእክት ማድረስ የፖሊስ ሥራ አይደለም፤ በደንቡም የለም። ኢንስፔክተሯ ጥቅሉን ተቀበለችና በዚያው ከሰዓት ወሰደችው።

እናትየው በሩን በግማሽ ከፍታ ቆመች። ከኋላዋ፣ ከክፍሉ ውስጥ፣ የልጅ ድምፅ ማባዣ እያነበበ ነው፤ ሰባት ጊዜ ስምንት ላይ ይሳሳትና ይመለሳል። ኢንስፔክተሯ ከማን እንደመጣ ሳትናገር ጥቅሉን ሰጠቻት።

እናትየው ጋዜጣውን ፈታች። ቀሚሱን ገልብጣ ዝምዝማቱን አየች። ወደ ተቃራኒው የሚዘመው ስፌት ነው፤ ክሩ ግን እንደ ቀሚሱ ሰማያዊ ነው፣ ሌላ ቀለም የለበትም። ከታች የተተወው እጥፋት ሰፊ ነበር፤ አንድ ስንዝር ይሆናል።

በጣቷ ለካችው። እንደ ገና ለካችው። ኢንስፔክተሯ ቀሚሱ ፊቷ ላይ ይወረወራል ብላ ጠበቀች።

«ማን እንደሰፋው ዐውቃለሁ» አለች እናትየው። ዓይኗን ከጨርቁ አላነሳችም። «ምን ብላ ነው ይህን ሁሉ እጥፋት የተወችው? እስከ አሥራ ሁለት ዓመቷ ይደርሳታል እኮ።»

ቀሚሱን አጣጥፋ ደረቷ ላይ ያዘች። ከውስጥ ልጅቷ ሰባት ጊዜ ስምንትን አገኘችውና ጮክ ብላ ወደ ሰባት ጊዜ ዘጠኝ አለፈች።

«ደርሶኛል ይበሉልኝ» አለች እናትየው።